ስላፈርሁበት ሙዚቃ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የላከልኝ ደብዳቤ «ስለ ትምህርት ጥቅም ሃያ ደቂቃ እንዲናገሩልን» የሚል ነበረ። ስለ ትምህርት ጥቅም በዚህ ግቢ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተናግሬአለሁ። ዛሬ ከፊቴ ከተቀመጡት ወላጆች ብዙዎቹ ያንን ሰምተው፥ ሰልችተው፥ አግብተውና ወልደው ልጆቻቸውን መልሰው ወደዚሁ ግቢ ልከዋል። ስለዚህ ኮሚቴውን ይቅርታ ጠይቄ ስለ ሌላ ነገር ለመናገር እወዳለሁ። ይኸውም ስለ ዘፈን ነው። ያውም ስለ ፈረንጅ ዘፈን፤ ጊታሩ ስለሚጮኸው፥ ከበሮው ስለሚደበደበው፥ ሮክ ስለሚባለው።

ስትስቁ እሰማለሁ። የምትስቁትም በምክንያት ነው። እኔ በማስተምርበት ዘመን የፈረንጅ ካሴት በኪሱ ይዞ ክፍል የገባ ተማሪ ካሴቱን ዳግመኛ እንደማያየው የምታውቁ ታውቃላችሁ። ወደዚያም እመለሳለሁ፤ በመጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ነገሌ በአውቶቡስ ስመጣ፥ ክብረ መንግሥትን አልፈን ወደ ዋደራ ስንቃረብ፥ ረዳቱ ፍላሽ ለወጠና አንድ የጊታር ድምፅ ወጣ። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ዘፈኑን አወቅሁት። «ፕራውድ ሜሪ» ይባላል፤ ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል የሚባሉ አራት የካሊፎርኒያ ጎረምሶች በ1961 ዓ.ም. በሸክላ ያወጡት ነው። ከሰማሁት ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። እግሬ ሳላዘው የአውቶቡሱን ወለል መምታት ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እግሬን አየችና ፈገግ አለች። እኔም ወዲያው እግሬን ሰብስቤ በመስኮት ወደ ውጭ መመልከት ጀመርሁ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ጡረታ የወጣሁ፥ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው፥ ስኳር ሲሰርቅ እንደ ተያዘ ሕፃን አፈርሁ።

ልጅቱ ምንም ክፉ ነገር አላሰበችም። አባቴ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። «የኢምፔሪያሊስት ባህል» እያለ የሚከሰኝ ሰብሳቢም በአውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም። ታዲያ ከማን ነው የማፍረው? እስከ ነገሌ መግቢያ ድረስ ሳወጣና ሳወርድ የመጣሁት ይህን ነው።

ተማሪዎች፥ በእኔ የልጅነት ዘመን ነገሌ የወታደር ከተማ ነበረች። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ወታደር፥ የወታደር ሚስት፥ ነጋዴና ሹፌር በአንድ አቧራ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ከከተማው ዙሪያ ደግሞ ቦረናውና ጉጂው፥ ሶማሌውም ከከብቱና ከግመሉ ጋር። ማታ ማታ ራዲዮ ያለው ሰው ሲቀናው የናይሮቢን ጣቢያ ይይዛል፤ ያን ጊዜ በስዋሂሊው መካከል የጂም ሪቭስ ለስላሳ ድምፅ ይሰማል። እሱን ማንም አይከለክለንም ነበር፤ ትልልቆቹም የሚያለቅስ ሰው ይመስላቸው ነበርና ያዝኑለት ነበር። ክልክሉ ሌላ ነው።

በግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ አሥር አለቃ ነበረ። ከአስመራ ተዛውሮ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካኖች አስመራ በሚገኘው የቃኘው ሰፈራቸው ለወታደሮቻቸው የሚያሰሙት ራዲዮ ነበራቸው፤ የከተማውም ወጣት የአሜሪካን ዘፈን ትኩስ ትኩሱን ይሰማ ነበር። አሥር አለቃው ወደ እኛ ሲመጣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ግራሞፎንና ሦስት ሸክላዎች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። (ሸክላ ስል ድስት እንዳይመስላችሁ፤ ጥቁር፥ ክብ፥ መርፌ የሚሄድበት የዘፈን ማተሚያ ነው።) አንዱ ሸክላ የኤልቪስ ፕሬስሊ ነበር። ሁለተኛው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሦስተኛው ያ በአውቶቡስ ውስጥ የሰማሁት ነው።

ስለ ዓለማየሁ አንድ ቃል ካልተናገርሁ ቅር ይለኛል። ይህ ሰው ገና ተማሪ ሳለ የኤልቪስን ዘፈን እየዘፈነ ያደገ፥ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ የታወቀ ነው። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1961 ዓ.ም. የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁም በመጀመሪያ ያሳተመው የዓለማየሁን ድምፅ ነው። ፈረንጆች «የሐበሻው ኤልቪስ» ይሉት ነበር። እኛ ልጆች ግን ሁለቱን ሸክላ አከታትለን ስንሰማ ኤልቪስ ከዓለማየሁ የተማረ ይመስለን ነበር። ዓለማየሁ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ዐርፏል።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። የባትሪ ድንጋይ ውድ ነበር። ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፤ ዘፋኙ ወባ እንደ ያዘው ሰው ያቃስታል። ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አውጥተን በነገሌ ፀሐይ በቆርቆሮ ላይ እናሰጣቸዋለን። ትንሽ ነፍስ ዘርተው ሦስት ዘፈን ያህል ይሠራሉ፥ ከዚያም መጎተት ይጀምራሉ። ስለዚህ እኔ «ፕራውድ ሜሪ»ን ያወቅሁት በቀስታ የሚሄድ ዘፈን አድርጌ ነው። ይህን አስታውሱልኝ።

እናቴ «ሜሪ» የሚለውን ቃል ደጋግማ ሰማችና «ምን ማለቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንግሊዝኛ የጀመርሁ ሰሞን ነበርና በኩራት «ሜሪ ማለት ማርያም ነው» አልኋት። «ከፊቱ ያለውስ?» አለች። «የከበረች እንደ ማለት ነው» አልሁ። ዘፈኑ ስለ ወንዝ እንደሚናገር አሥር አለቃው ነግሮን ስለነበር «ወንዝም አለበት» ብዬ ጨመርሁላት። «ታዲያ የጥምቀት ነዋ!» አለች እናቴ። ከዚያ ወዲያ ወር በገባ በሃያ አንድ የማርያም ለት አሥር አለቃውን «ያችን መዝሙር አሰማን እንጂ» ትለው ነበር። አሥር አለቃውም ሳይስቅ ያሰማት ነበር፤ ጨዋ ሰው ነበረ።

አባቴ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። የእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ባይቆጥሩም ከበሮ ሰውን ወዴት እንደሚጎትት ያውቁ ነበር። «እመቤታችን በእንዲህ ያለ ወገብ በሚያወዛውዝ ነገር አትመሰገንም» ብለው ከለከሉኝ፤ በመስኮት ሥር ሆኜ ስሰማ ባገኙኝም ጊዜ በአርጩሜ ገረፉኝ። ያን ጊዜ ነው ዘፈኑ እጅግ የጣፈጠኝ።

ሜሪ የመርከብ ስም መሆኑን ያወቅሁት በመምህራን ማሠልጠኛ ነው። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የምትመላለስ መርከብ ናት። ዘፈኑን የደረሰው ጆን ፎገርቲ የሚሲሲፒ ሰው አይደለም፤ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ያደገ ነው። በ1968 በፈረንጅ አቆጣጠር ከወታደርነት የመሰናበቻ ወረቀቱ ሲደርሰው በደስታ እንደ ጻፈው ራሱ ተናግሯል። ለእናቴ ግን ስለ መርከቢቱ አልነገርኋትም። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ መዝሙር እንደ ሆነላት ነው የሄደችው።

ወታደር ካነሣሁ ዘንድ የ1966ቱን ጥር ሳልናገር ላልፍ አልችልም፤ ከተማችን በታሪክ መጽሐፍ የምትጠራው በእሱ ነውና። የነገሌ ጦር ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ምግባቸው ተበላሽቶ፥ የውሃ መሳቢያቸውም ተሰብሮ፥ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ በተከለከሉ ጊዜ አለቆቻቸውን ያዙ። ጉዳዩን ለማየት ከአዲስ አበባ የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፥ የሚጠጣውንም ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ብዙ ጸሐፊዎች የአብዮቱን ታሪክ ሲጽፉ የሚነሡት ከዚህ ነው። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዚያ ሰሞን የማስታውሰው አሥር አለቃው ብዙ ቀን ሳይመጣ ሰንብቶ አንድ ማታ መጥቶ፥ ጫማውን ሳያወልቅ፥ ያንን የወንዝ ዘፈን ደጋግሞ ሲያጫውት ነው። ውሃ በጠፋበት ከተማ ውስጥ ስለ ትልቅ ወንዝ የሚዘፍን ሸክላ! አባቴም ያን ማታ ዝም አሉ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ እመጣለሁ። ስሙን አልጠራም።

የቦረና ልጅ ነበረ። እናቱ በአንዲት አህያ ውሃ እያመላለሰች ለከተማው ሰው ትሸጥ ነበር፤ ለእኛም ግቢ የምታመጣው እሷ ነበረች። ልጇም ለአሥር አለቃው እየተላላከ ከእኔ ጋር በመስኮቱ ሥር ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ያ ዘፈን ሲዘፈን «ይህ እኮ የኤላ ዘፈን ነው» አለኝ። ኤላ የምንለው የቦረናን ጥልቅ ጉድጓድ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በዱብሉቅ ያያችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፥ ወንዶቹ ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው የውሃውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ይዘፍናሉ፤ አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይመልሳሉ፤ ዘፈኑ ከላላ ውሃው ይፈሳል። ከብቶቹም የየባለቤታቸውን ድምፅ ሰምተው ይመጣሉ። ጓደኛዬ ያለው «ያውጪውንና የመላሹን ነገር ስማው፤ ባልዲ የሚያቀባብሉ ይመስላል» ነው።

እኔ ተቆጣሁ። የከተማ ልጅ ነኝ፤ እንግሊዝኛ ጀምሬአለሁ፤ አሜሪካንን ከከብት ውሃ ጋር እንዴት ያነጻጽራል? «አንተ ደግሞ ከብት ብቻ ነው የምታውቀው» አልሁት። እንግዲህ አስቡት፤ የምወደውን ዘፈን ከአባቴ እደብቃለሁ፥ ጓደኛዬ በእናቱ አገር ዘፈን ሲመስለው ደግሞ እናደዳለሁ። በሁለት በኩል ማፈር ይሉታል ይህ ነው።

ጓደኛዬ ትክክል እንደ ነበረ ያወቅሁት እጅግ ዘግይቼ ነው። ሮክ የሚባለው ሙዚቃ አባቱ ብሉዝ ነው፤ የብሉዝም ሥር ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች በጥጥ እርሻና በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ እየተቀባበሉ የዘፈኑት ነው። አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይመልሳሉ፥ መዶሻውም በዜማው ይወርዳል። የሙዚቃ መምህር የሆነ አንድ ወዳጄም በክራር አሳይቶኛል፤ የሮክ ጊታረኞች አዘውትረው የሚመላለሱበት ባለ አምስት ድምፁ ቅኝት የእኛ ሙዚቀኞች ባቲ ማይነር ከሚሉት ጋር ይገጥማል፤ ሌላውም ደስ የሚለው ቅኝታቸው ትዝታ ሜጀር ነው። ጆሮአችን ባዕድ አገር የሄደ መስሎን ስናፍር፥ የሰፈሩን መንገድ ይዞ ነበር የሚሄደው።

አሥር አለቃው በ1967 ዓ.ም. ሲዛወር ግራሞፎኑንና ሦስቱን ሸክላ ለጓደኛዬ ትቶለት ሄደ። ለእኔ አለመስጠቱ ለብዙ ጊዜ ቆጭቶኛል። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ምክንያቱ ሁሉ ፖለቲካ ብቻ ነበረ ብል ውሸት ይሆናልና።

የፈረንጅ ዘፈንና ልብስ በተማረው ዘንድ የሚያስነውር መሆን የጀመረው ከአብዮቱ በፊት ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርኢት ሲደረግ ተማሪዎቹ «የባህል ወረራ ነው» ብለው ተቃውመው ትልቅ ረብሻ ተነሥቶ ነበር። ወደ እኛ ቆላ ከተሞች ይህ አሳብ የደረሰው ከአብዮቱ ጋር ነው። የሶማሊያ ወረራ፥ የቀይ ሽብር ዜና፥ የሰዓት እላፊ፤ ያን ዘመን በዝርዝር አልሄድበትም፤ ከወላጆቻችሁ ጠይቁ። እኔ በ1970 ዓ.ም. የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የወጣቶች የውይይት ክበብ ጸሐፊ ነበርሁ። ጎፈሬዬን ተላጭቼ፥ የካኪ ሸሚዝ ለብሼ፥ «ሂስና ግለ ሂስ» እያልሁ የምናገር ሰው ሆንሁ። በልቤ ግን ያንን ዘፈን ከነጊታሩ አውቀው ነበር፤ ሌሊት ስተኛ በአፌ እዘፍነው ነበር። ሰው ያወቀብኝ እየመሰለኝ እፈራለሁ።

በግንቦት ወር በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ «የኢምፔሪያሊዝም የባህል ወረራ» በሚል ርእስ ጽሑፍ አነበብሁ። ጽሑፉ ምሳሌ ያስፈልገው ነበር። እኔም ከወንበሩ ላይ ቆሜ «በዚህ በመካከላችን እንኳ የአሜሪካን ሸክላ የሚያስደምጥ አለ» አልሁና የጓደኛዬን ስም ጠራሁ።

ግራሞፎኑን ሄደው አመጡት። ሸክላዎቹ በስብሰባው ፊት አንድ በአንድ ተሰበሩ፤ የዓለማየሁም ጭምር፥ ማንም ጽሑፉን ያነበበ አልነበረም። ግራሞፎኑ ተወስዶ የት እንደ ገባ አላውቅም። ጓደኛዬም ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተነገረው። ብድግ ብሎ ቆመ። አሁን ልናገር ነው ያልሁትን ነገር ተማሪዎች ልብ ብላችሁ ስሙኝ። «ጸሐፊው ከእኔ ጋር አብሮ ይሰማ ነበር፤ ቃሉንም ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል» ቢል ኖሮ የሚጠፋው እኔ ነበርሁ። አንድ ጊዜ አየኝ። «አጥፍቻለሁ» አለና ተቀመጠ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

ከዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ፥ በታኅሣሥ 1971 ዓ.ም.፥ ሶቪየት ኅብረት ቦኒ ኤም የሚባለውን የምዕራብ ጀርመን የዲስኮ ጓድ ጋብዛ በሞስኮ አዘፍናለች። «ራስፑቲን» የሚለውን እንዳይዘፍኑ ተደረገ እንጂ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኛ የሞስኮን መጽሐፍ ጠቅሰን በነገሌ ሸክላ ስንሰብር፥ ሞስኮ ራሷ ልትጨፍር ቲኬት ታሳትም ነበር። ይህን ያነበብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሳቅ መጣብኝ፥ ሳልስቅም ቀረሁ።

ጓደኛዬ በዚያው ክረምት ጠፋ። በመጀመሪያ በሜጋ ታየ ተባለ፤ ከዚያም በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ መሻገሩ ተሰማ። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ መምህር ሆንሁ። ሮክ የሚባለውን ነገር በቤቴ አላስገባሁም። ሰዎች ስጠየቅ የምሰጠው ምክንያት «የዋልጌ ሙዚቃ ነው፥ ጩኸት ነው» የሚል ነበረ። በክፍል ውስጥ ግን የሰሜን አሜሪካን ወንዞች ሳስተምር ሰዓቱ አይበቃኝም ነበር። ገናሌና ዳዋ ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ መሆናቸውን በሩብ ሰዓት ጨርሼ፥ ለሚሲሲፒ ግን ሁለት ክፍለ ጊዜ እሰጥ ነበር። አንድ ተማሪ «መምህር፥ ሚሲሲፒን አይተውት ያውቃሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ያስወጣሁትን አስታውሳለሁ። ዛሬ እዚህ ካለ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ካሴቶቹ! የቀማኋችሁ ካሴቶች ወዴት እንደ ሄዱ ብዙ ተወርቷል። ጣላቸው፥ አቃጠላቸው፥ ሸጣቸው ተብሏል። እውነቱ ይህ ነው፤ በቤቴ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ አስቀምጬ፥ ቤተሰቡ ሲተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሰማቸው ነበር። ማይክል ጃክሰን አለበት፥ ብራያን አዳምስ አለበት፥ ቦኒ ኤም አለበት። ጠዋት ደግሞ ክራባቴን አስሬ መጥቼ ሌላ ካሴት እቀማለሁ። በልጅነቴ በመስኮት ሥር እሰማ የነበርሁት ሰው ጡረታዬ እስኪደርስ ከመስኮቱ ሥር አልተነሣሁም ማለት ነው።

ከአውቶቡሱ ጉዞ በኋላ የልጅ ልጄን ለምኜ ዘፈኑን በስልኬ ላይ አስጫንሁ። ስሰማው ግን አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ፈጠነብኝ። በአውቶቡሱም ውስጥ የረበሸኝ ይኸው ነበር። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ልጅቱን ጠየቅኋት። «አያ፥ ትክክለኛው ይኸው ነው» አለችኝ። ለካ ባትሪው እየደከመ የሚጎተተውን ነው ሃምሳ ዓመት ሙሉ በራሴ ውስጥ ስሰማ የኖርሁት። ዘፈኑን ደግሞ አየሁት፤ በጣም ረቂቅ የሆነ ነገር አይደለም። ዜማው ቀላል ነው፥ ግጥሙም ስለ አንዲት መርከብና ስለ ደግ የወንዝ ዳር ሰዎች ነው። የሚታፈርበትም የሚታበይበትም ነገር አላገኘሁበትም። ፎገርቲ ራሱ ከአሳታሚዎቹ ጋር በመብት ተጣልቶ የገዛ ዘፈኖቹን ለብዙ ዓመት በመድረክ አልዘፍንም ብሎ ኖሮ ነበር፤ በ1987 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው መልሶ የጀመራቸው። የመብታቸውንም አብላጫ ድርሻ በእጁ ያስገባው በ2015 ዓ.ም. ሰባ ሰባት ዓመት ሆኖት ነው። ይህን ስሰማ የዕድሜዬን ነገር ትንሽ ረሳሁ።

ከዚያ በኋላ በሞያሌ የሚነግድ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ጓደኛዬን እንዲፈልግልኝ ለመንሁት። ሁለት ወር ፈጀ። በኬንያው ወገን ባለው ሞያሌ በሕይወት አለ፤ ልጆች አሉት፥ ይነግዳሉ። ስልኩን ሰጠኝ። እኔም ልናገር ያሰብሁትን እንደ ፈተና ጥያቄ በወረቀት ላይ ጽፌ ደወልሁ።

«ነጋ?» አልሁት።

«ነጋ» አለኝ። ድምፁን አላወቅሁትም፤ እሱ ግን የእኔን ስሜን ሳልነግረው አወቀው።

ወረቀቴን ማንበብ ጀመርሁ። ስለ ግንቦቱ ስብሰባ፥ ስለ ሸክላዎቹ፥ ስለ ዝምታው ተናገርሁ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፤ «ግራሞፎኑን እኮ በሚመጣው ቅዳሜ ልሸጠው ነበር። ለአንድ ሹፌር ተስማምቼ ነበር። አህያችን ሞታ ነበረች፤ ረሳኸው?»

አልረሳሁትም፤ ከመጀመሪያውም አላወቅሁትም። እናቱ በዚያ ዓመት ውሃውን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ግቢያችን ስትገባ አይቻታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አህያዋ የት ሄደች ብዬ አልጠየቅሁም። ስብሰባውን ሳስብ ዘመኔን ሁሉ ያሠቃየኝ የሸክላዎቹ መሰበርና የእኔ ግብዝነት ነበር፤ የአህያው ነገር በወረቀቴ ላይ አልነበረም። ስልኩን እንደ ያዝሁ ዝም አልሁ።

እሱ ነው ዝምታውን የሰበረው። «ያችን መርከብ አሁንም ትሰማታለህ?» አለኝ። መርከብ መሆኗን እሱም በሰው አገር ሆኖ ተረድቷል።

«በአውቶቡስ ውስጥ ሰማኋት» አልሁት።

«ፈጥና አልመሰለችህም?» አለኝ።

ማክሰኞ በያቤሎ አድርጌ ወደ ሞያሌ እሄዳለሁ። በነገሌ ገበያ የአንድ ደህና አህያ ዋጋ ጠይቄ ገንዘቡን ይዣለሁ፤ ይቀበለኝ ወይም አይቀበለኝ እንደሆነ ግን አላውቅም። ካሴቶቹ ያሉበት ካርቶን ከመድረኩ በታች ነው፤ ሠላሳ አንድ ናቸው፥ በየላያቸው የባለቤቱን ስምና ክፍል ጽፌአለሁ። ወላጆች ከምሳ በፊት እየመጣችሁ ብትወስዱልኝ እወዳለሁ። አንዳንዶቹ ከብዛት መሰማት የተነሣ ተሳስተዋል፥ ይቅርታ አድርጉልኝ።